አምስት ፓውንድ የተገመተ ክብር

"ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" የሚለው የኛ ብቻ ይመስለናል። የፈረንጅም ነበር። ካላመናችሁ በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ኦታዋ ወንዝ አጠገብ ያለችውን የማክናብን የገጠር ወረዳ ታሪክ ስሙ።

አርቺባልድ ማክናብ የስኮትላንድ ባላባት ነበር። ዕዳ ቢያጣድፈው በ1823 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) አገሩን ጥሎ ሸሸ። ካናዳ እንደገባ ከ80 ሺህ ኤከር በላይ መሬት ላይ ሰው እንዲያሰፍር የቅኝ መንግሥቱ ፈቀደለት። ነባሮቹን የአልጎንኩዊን ሕዝቦች ግን ሰጪውም ተቀባዩም አልጠየቃቸውም።

በ1825 የስኮትላንድ ድሆች በመርከብ ተጭነው መጡለት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! በየኤከሩ በዓመት አንድ ቡሼል፣ ማለትም 27 ኪሎ ገደማ ስንዴ፣ ለዘላለም (!) እንዲገብሩለት አስፈረማቸው። ጥዱን የሚሸጠው እሱ፣ ያለፈቃዴ ንቅንቅ የለም ባዩ እሱ። ያንገራገረ በዕዳ ይከሰሳል። "ጌታው እኔ ነኝ" ይላቸዋል፤ መሬቱ ግን የመንግሥት ነበር! ከጭሰኝነት ሸሽተው ውቅያኖስ ቢያቋርጡ ጭሰኝነት ቀድሟቸው ደርሶ ጠበቃቸው።

ልብ በሉ! ጨቋኙ ባዕድ አልነበረም። በቋንቋቸው የሚናገር፣ የአገራቸው ልጅ፣ የጎሳ አለቃ ነው። እነሱም "የኛ ሰው ነው" ብለው ነው የፈረሙት። ታዲያ ወገንነቱ ምን ጠቀማቸው? ገመዱን አጠበቀው እንጂ!

አቤቱታቸው ዓመታት ፈጀ። የሹማምንቱ ወዳጅ ባላባቱ ነውና ማን ይስማ? በ1840ዎቹ መግቢያ ግን መንግሥት አጣሪ ላከ፤ በደሉም ተረጋገጠ። ቶሮንቶ የሚታተመው የፍራንሲስ ሂንክስ ጋዜጣ፣ "ኤግዛሚነር"፣ ጉዱን አደባባይ አወጣው። ባላባቱ "ስሜ ጠፋ" ብሎ ከሰሰ። ረታም። ካሳው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? አምስት ፓውንድ! ሕጉ ለሰውየው አደላ፤ የስሙን ዋጋ ግን ቁርጡን ነገረው።

ማክናብ ወረዳዋን ለቆ ወጣ፤ በ1860 ፈረንሳይ ሞተ። ገበሬዎቹ ይዞታቸውን በየስማቸው ከመንግሥት አስጻፉ። ያዳናቸው የአለቃ ርኅራኄ አይደለም፤ አቤት ማለት አለመታከታቸው፣ ደፍሮ የሚጽፍ ጋዜጣና በእጅ የገባ የባለቤትነት ወረቀት ነው። "የኛ ሰው" የሚባል ሁሉ በዚህ ይመዘን።

ወረዳዋ በ1998 ከብሬሳይድ ጋር ብትዋሃድም ዛሬም በማክናብ ስም ትጠራለች። ይጠራ! ስሙን ተዉለት፤ መሬቱን ግን ወሰዱ።