ስለ ነፍሰ ጡር እናትና ስለ ኮሮና ሕማም

ወላይታ ሶዶ በሄድን ጊዜ አንድ ወዳጃችን፤ «ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ኮሮና ቢይዛት በማኅፀኗ ያለውን ልጅ ያገኘዋልን?» ሲል ጠየቀን። ልጁ እንደ ተወለደ ከእናቱ ሊለየውና በላም ወተት ሊያሳድገው አስቦ፤ የምትታለብ ላም ገዝቶ ነበር። ጥያቄው የብዙ አባቶች ስለ ሆነ መልሱን እነሆ እንጽፋለን።

ሕማሙ ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የዓለም ሐኪሞች መርምረው እንዳረጋገጡት፤ ሕማሙ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ፅንሱን ሊይዝ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ከታመሙ እናቶች ከተወለዱ 100 ሕፃናት ሕማሙ የተገኘባቸው ከ2 አይበልጡም፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የተያዙት ከተወለዱ በኋላ ነው።

ይልቅስ የሚያሠጋው ለእናቲቱ ነው። ነፍሰ ጡር ስትያዝ ከሌላው ሴት ይልቅ ይጠናባታል፤ ልጁም ያለ ወራቱ ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲታይባት ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። ክትባቱም እናቲቱን ይጠብቃል፤ የመከላከል ኃይሉም ወደ ፅንሱ ያልፋል።

ከወለደች በኋላም፤ «ታማለች» ብሎ ልጁን ከጡት መለየት ስሕተት ነው። እጇን ታጥባ፤ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ጡቷን ትስጠው፤ እንገሩም አይከልከል። አራስ ጠያቂ ግን ጉንፋን ከያዘው ከደጅ ይመለስ፤ ሕፃኑንም አይሳም።

ወዳጃችንንም፤ «የላሚቱን ወተት ለእናቲቱ አጠጣት፤ ልጁን ግን ለእናቱ ተውለት» ብለነዋል።