የእረኛው ውሻ ምን ይበላል?

በእኛ ክፍል ውሻ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ተገቢ ነው፤ ገዳይ በሽታ ነውና። ስለ ውሻው ምግብ ግን ሲወራ ብዙም አልሰማሁም። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት በደባርቅ፣ በዳባትና በጃናሞራ ደጋ ለሰው የሚሠራውን ውሻ ነው።

ይሠራል ስል ማጋነኔ አይደለም። ቀን ከበጎቹ ጋር ዳገት ሲወጣ ቁልቁለት ሲወርድ ይውላል፤ ገብሱ ሲያፈራ ጭላዳ ያባርራል፤ ማታ ደግሞ በረቱ ደጃፍ ተኝቶ ጅብ ሲጮህበት ያድራል። ይህ ሁሉ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በዚያ ውርጭ።

በአላስካ በረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾች አሉ። የውድድራቸው ርቀት 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለቤቶቻቸው ወራት ሙሉ ርቀቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ያለማምዷቸዋል፤ በውድድሩ ሰሞን አንዱ ውሻ በቀን እስከ 10,000 ኪሎ ካሎሪ ሊያቃጥል ስለሚችል ስብ የበዛበት ምግብ ይሰጡታል። የኛ ውሻ ልምምዱ ሞልቶለታል፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ መንጋ ሲከተል ነው ያደገው። የጎደለው ማገዶው ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ዝም ብሎ ቢተኛ እንኳ በቀን 660 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የዋለ ደግሞ የዚያን እጥፍና ከዚያም በላይ። ታዲያ የሚያገኘው ምንድን ነው? የተረፈ እንጀራ፣ የወጥ እጣቢ፣ ከተገኘም አጥንት።

እንጀራውንና ቂጣውን አልነቅፍም። ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር እህል መፍጨት እንደለመደ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዘረ መል ጥናት አሳይቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ወጡ ነው። ሽንኩርት፣ በስሎም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። አየሩ በሳሳበት ደጋ ኦክስጅን የሚሸከምለትን ደም እያሳጣን ሩጥ እንለዋለን እንዴ?

ሌላው የጾሙ ነገር ነው። በጾመኛ ቤት ውሻውም ሳይወድ በግድ 55 ቀን ሁዳዴን ይጾማል፤ ሥራው ግን አይቀነስለትም። ወተቱ ለቅቤ ሲናጥ የሚተርፈው አሬራ ለሱ ቢሰጥ ማን ይከለክላል? ከገብስ ገንፎ ጋር ቢቀላቀል ጥሩ ራት ነው። በፍስኩ ወቅት ትንሽ ሞራ ጣል ማድረግ ነው፤ ስብ በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ጥቂቱ ብዙ ይሠራል። ዋናው ምግቡ መንጋው ከገባ በኋላ፣ ውሻው ትንፋሹን ሰብስቦ ውሃ ከጠጣ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ዳገት ሊወጣ ሲል ሆዱን መሙላት አይበጅም።

ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጎንደር ከተማም ሆነ ገጠሩ በየጓሮው ይታረዳል፤ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ሲገኝ “ይሄ አይበላም” ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ያ የቋጠረ ነገር ብዙ ጊዜ ሃይዳቲድ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ከኮሶ ትል ወገን የሆነች ትንሽ ትል ይሆናል፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሏ በዓይነ ምድሩ ይወጣል። በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ ውሻውን ሲያሻሽ የዋለ ልጅም ባልታጠበ እጁ ይውጠዋል። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ ጉበቱ ውስጥ ቋጥሮ ለቀዶ ሕክምና ይመጣል። መፍትሔው 30 ደቂቃ መቀቀል ነው። የተቀቀለው ሳንባ ለውሻው ፕሮቲን ይሆነዋል፤ ትሏም ትሞታለች።

“ሰው ሳይጠግብ ለውሻ?” የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በክፉ ዓመት እኔም መልስ የለኝም። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርኩት አብዛኛው ከቤቱ የሚተርፍ ነው፤ የተጨመረው እንጨትና ትንሽ ጊዜ ነው (እንጨቱ በደጋ ቀላል አለመሆኑን አልዘነጋሁም)። “ከጠገበ ይሰንፋል” ለሚሉት ደግሞ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው ተረት የነሱው ነው። የተራበ ውሻ መንጋውን ትቶ አይጥ ፍለጋ ወደ ጓሳው ይወጣል። ጓሳው የቀይ ቀበሮ ቤት ነው። ከውሻ የተነሳ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኋላም በ2003 እና በ2008 ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ስሜን ላይ ያሉት ደግሞ ከባሌዎቹ በቁጥር እጅግ ያንሳሉ።

ስለዚህ ለክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው፦ ለመስክ ልምምድ ወደ ደጋ ስንወጣ ከክትባቱ ጋር ፕራዚኳንቴል እንያዝ። ውሻው በገመድ ታስሮ ሲመጣልን መርፌውን ወግተን ብቻ አንልቀቀው፤ ጎኑን ዳብሰን ጎድኑ ምን ያህል እንደገጠጠ እንይ፣ ባለቤቱንም “ትናንት ማታ ምን በላ?” ብለን እንጠይቅ።