ከዋንጫው ማግስት፦ አሸናፊ የቤዝቦል ቡድን ስብስቡን ማደስ አለበትን?

በአሜሪካ ቤዝቦል ዋንጫው ከሚነሣበት ከኖቬምበር መጀመሪያ አንሥቶ አዲሱ ውድድር እስከሚከፈትበት እስከ ማርች ማብቂያ ድረስ ያሉት ወራት፣ ጨዋታ የማይካሄድባቸው ይሁኑ እንጂ፣ የቡድኖች ዕጣ በአመዛኙ የሚወሰንባቸው ናቸው፤ ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች ወደ መረጡት ቡድን የሚሄዱትም ሆነ ቡድኖች ተጫዋች በተጫዋች የሚለዋወጡት በብዛት በዚህ የዕረፍት ጊዜ ነውና። የአውሮፓን እግር ኳስ የሚከታተል አንባቢ ነገሩን ከዝውውር መስኮት ጋር ሊያመሳስለው ይችላል፤ ልዩነቱ አንድ የቤዝቦል ቡድን ከሌላው ተጫዋች ሲወስድ ዋጋውን የሚከፍለው ከገንዘብ ይልቅ ብዙውን ጊዜ በሌላ ተጫዋች መሆኑ ነው። የተሸነፈ ቡድን በእነዚህ ወራት ምን ማድረግ እንዳለበት እምብዛም አያከራክርም። የሚያከራክረው ያሸነፈው ነው። ዋንጫ ያነሣ ወይም ከመቶ በላይ ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ያለውን ስብስብ እንዳለ ይዞ ይቀጥል ወይስ ገና ድሉ ሳይበርድ ማደስ ይጀምር? የዚህ ሐተታ መልስ ማደስ አለበት የሚል ነው፤ ነገር ግን እድሳትና ውለታ መክፈል የተለያዩ መሆናቸውን ያላወቀ ቡድን ገንዘቡን አውጥቶም ካለበት ፈቀቅ አይልም።

ያሸነፈ ቡድን አይነካ የሚሉ ወገኖች ቀላል የማይባል ምክንያት አላቸው። የቤዝቦል መደበኛ ውድድር በስድስት ወር ውስጥ 162 ጨዋታ የሚካሄድበት በመሆኑ ተጫዋቾቹ ከቤተሰባቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው ብዙ ጊዜ ያሳልፋሉ፤ በዚህ ውስጥ የሚበቅለው መግባባት በገበያ የሚሸመት አይደለም፤ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥርም የአንድ ነባር ተጫዋች ቦታ መነካቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ክርክሩ የቆመው ባለፈው ዓመት ያሸነፈው ቡድን በሚቀጥለው ዓመትም እንዳለ ይገኛል በሚል ግምት ላይ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ቡድን ግን የለም። ማንም ምንም ባያደርግ እንኳ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ዓመት ይጨምራል፣ የአንዳንዱ ውል ያልቃል፣ ሳይጎዳ የከረመው ይጎዳል፤ በሕይወቱ ምርጥ የሆነውን ዓመት ያሳለፈው ተጫዋችም በአብዛኛው ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል። አለመንቀሳቀስ ራሱ ቡድኑን ይለውጠዋል፤ የሚለውጠው ግን ወደ ታች ነው።

ለዚህ የሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2021 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 107 ጨዋታ በማሸነፍ በታሪኩ ከፍተኛውን ውጤት አስመዘገበ። ከውጤቱ ጀርባ የነበሩት ግን ዕድሜያቸው ከሠላሳ በእጅጉ ያለፈ፣ በዚያ ዓመት በአንድነት ያበቡ መቺዎች ነበሩ፤ ብራንደን ክሮፎርድ ለምሳሌ በሙያ ዘመኑ ከፍተኛው የሆነውን 24 ሆም ራን፣ ማለትም ኳሷን ከአጥር አሻግሮ በቀጥታ ነጥብ የሚያስገኝ ምት፣ የመታው በ34 ዓመቱ ነው። በዕረፍቱ ወራት በስተር ፖዚ ከጨዋታ ተሰናበተ፤ ከዋነኞቹ ኳስ ወርዋሪዎች አንዱ የነበረው ኬቨን ጎስማን ወደ ቶሮንቶ ሄደ። አመራሩ ጨርሶ ተኛ ማለት ግን አይቻልም፤ ካርሎስ ሮዶንን አስፈርሞ የወርዋሪዎቹን ቦታ አጠናክሯል። በበቂ ሁኔታ ያላደሰው የመቺዎቹን ወገን ነበር። በቀጣዩ ዓመት የክሮፎርድ ሆም ራን ወደ 9 ወረደ፤ ቡድኑም 81 አሸንፎ 81 ተሸነፈ።

ኒው ዮርክ ያንኪስ ከዚያ ሃያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የተለየ መንገድ መርጦ ነበር። በ1998 በመደበኛው ውድድር 114 ጨዋታ አሸንፎ የዓመቱን የመጨረሻ ፍልሚያ፣ ወርልድ ሲሪስ የሚባለውን፣ በድል ያጠናቀቀ ቡድን ምን ይጎድለዋል ተብሎ በሚጠየቅበት ሰዓት፣ በፌብሩዋሪ 1999 ዴቪድ ዌልስን ከሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ጋር ለቶሮንቶ ሰጥቶ ሮጀር ክለመንስን ወሰደ። ዌልስ በዚያው ዓመት 18 አሸንፎ 4 ብቻ የተሸነፈ፣ በአንድ ጨዋታ አንድም ተጋጣሚ ቤዝ ላይ፣ ማለትም ነጥብ ለማስቆጠር በሩጫ ከሚረገጡት ማዕዘኖች አንዱ ላይ፣ እንዳይደርስ አድርጎ የወረወረ፣ ደጋፊው ከልብ የሚወደው ወርዋሪ ነበር። ክለመንስ በመጀመሪያው ዓመት የተጠበቀውን ያህል አልሆነም፤ ዌልስም በቶሮንቶ ጥሩ ወረወረ። በዚህ ልውውጥ ብቻ ከተመዘነ አመራሩን የሚወቅስ አይጠፋም። ነገር ግን ዋንጫውን ያረጋገጠውን የ1999 የመጨረሻ ጨዋታ ጀምሮ ያሸነፈው ክለመንስ ነው፤ ያንኪስም በ2000 ደግሞ ደገመው። አመራሩ በዚያ ልውውጥ ያሳየው ውሳኔ የሚሰጠው ወደፊት አይቶ እንጂ ያለፈውን አመስግኖ አለመሆኑን ነው።

ከያንኪስ በኋላ ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል ዋንጫውን በተከታታይ ያነሣ ቡድን አልነበረም፤ ይህን የሰበረው የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሲሆን አሰባበሩ በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። ቡድኑ በ2024 ያንኪስን 4 ለ 1 አሸንፎ ሻምፒዮን በሆነ ማግስት ብሌክ ስኔልን በአምስት ዓመት 182 ሚሊዮን ዶላር፣ ታነር ስኮትን በአራት ዓመት 72 ሚሊዮን ዶላር፣ ማይክል ኮንፎርቶን በአንድ ዓመት 17 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ፤ ወጣቱን ጃፓናዊ ሮኪ ሳሳኪንም አመጣ። ከእነዚህ ውስጥ ገሚሱ ከሸፈ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጨዋታውን ማብቂያ እንዲዘጋ የመጣው ስኮት በዓመቱ 10 ጊዜ ቡድኑ የያዘውን መሪነት አሳልፎ ሰጠ፤ ኮንፎርቶ ደካማ ዓመት አሳልፎ ከመደበኛው ውድድር በኋላ ካለው የማጣሪያ ስብስብ ውጭ ሆነ፤ ሳሳኪ ትከሻውን ታምሞ ለወራት ራቀ፤ ስኔልም በመደበኛው ውድድር የጀመረው 11 ጨዋታ ብቻ ነበር። ቡድኑ ያሸነፈው ጨዋታ ከ98 ወደ 93 ወረደ። ተቺዎች ይህን ይዘው ነበር ግዢው ሁሉ ብክነት ነው ያሉት።

ማጣሪያው የሚካሄድበት ኦክቶበር ሲደርስ ግን ስሌቱ ተገለበጠ። ስኔል በሚልዋኪ ሜዳ ስምንት ኢኒንግ፣ ማለትም ከጨዋታው ዘጠኝ ክፍሎች ስምንቱን፣ ወርውሮ አንድ ምት ብቻ ፈቀደ፤ ሳሳኪ ስኮት የተወውን የመዝጊያ ቦታ ተረከበ። በቶሮንቶ በተደረገው የወርልድ ሲሪስ ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ዶጀርስ 4 ለ 3 ተመርቶ ሊሸነፍ ሁለት ተጫዋቾች ብቻ በቀሩበት በዘጠነኛው ኢኒንግ አቻ ያደረገችውን ሆም ራን የመታው በመቶ ሚሊዮኖች ከተፈረመላቸው ኮከቦች አንዱ ሳይሆን የ36 ዓመቱ ሚጌል ሮሃስ ነው። ሮሃስ ለወትሮው ተጠባባቂ ሲሆን፣ ቡድኑ ሌላው በሚያርፍበት ወር፣ በጃንዋሪ 2023፣ ክፍተት ለመሙላት በልውውጥ ያመጣው ነበር። በአሥራ አንደኛው ኢኒንግ ዊል ስሚዝ ማሸነፊያውን መታ፤ ጨዋታው 5 ለ 4 ተጠናቀቀ። የእድሳት ጥቅም እንግዲህ እያንዳንዱ ፈራሚ ይሳካለታል የሚል ዋስትና አይደለም፤ ሦስቱ ቢከሽፉ አራተኛው የሚገኝበትን ስፋት መፍጠር ነው። አመራሩ ሁለተኛውን ዋንጫ ከያዘ በኋላም አልተቀመጠም፤ ያለፈው ዓመት ያጋለጠውን የመዝጊያ ወርዋሪ ክፍተት ለይቶ ኤድዊን ዲያዝን በሦስት ዓመት 69 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሟል፤ ካይል ታከርንም ጨምሯል።

እዚህ ላይ ዶጀርስ ገንዘብ ስላለው ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞው እውነት አለበት። የቤዝቦል ሊግ የደመወዝ ጣሪያ የለውም፤ ያለው ከተወሰነ ወጪ በላይ ለሚሄድ ቡድን የሚጣል፣ በተለምዶ የቅንጦት ግብር የሚባል ቅጣት ሲሆን፣ ዶጀርስ በ2024 ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። የሾሄ ኦታኒ የ700 ሚሊዮን ዶላር ውልም 680 ሚሊዮኑ ውሉ ካለቀ በኋላ የሚከፈል ሆኖ መዘጋጀቱ ለብዙዎች ፍትሐዊ አልመሰላቸውም፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን እድሳት የሀብታም ብቻ አይደለም። ሚልዋኪ ብሩወርስ በ2023 ምድቡን ካሸነፈ በኋላ ውሉ አንድ ዓመት ብቻ የቀረውን ምርጥ ወርዋሪውን ኮርቢን በርንስን ለባልቲሞር ሰጥቶ ወጣቶች ተቀበለ፤ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ምድቡን አሸንፎ ሳለ የመዝጊያ ወርዋሪውን ዴቪን ዊልያምስን ለያንኪስ ሰጠ፤ ከዚያ ልውውጥ የመጣው ኬለብ ደርቢን የሦስተኛውን ቤዝ ጠባቂነት ቦታ ያዘ። በ2025 ሚልዋኪ 97 ጨዋታ አሸንፎ ከሠላሳዎቹ ቡድኖች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ደጋፊው በየዓመቱ የሚወደውን ሰው ሲያጣ ማዘኑ አይቀርም፤ ቡድኑ ግን አልወደቀም።

ከኢትዮጵያ ውጭ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ የሆነችው ዋሽንግተን ደግሞ ተቃራኒውን አይታለች። የ2019ኙ ዋሽንግተን ናሽናልስ ውድድሩን በ19 ድልና በ31 ሽንፈት ጀምሮ ለከተማዋ ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያመጣ ቡድን ነው። በሂውስተን በተደረገው ሰባተኛ ጨዋታ 2 ለ 0 እየተመራ ሳለ በሰባተኛው ኢኒንግ አንተኒ ሬንዶን ሆም ራን መታ፤ ጥቂት ቆይቶ የ36 ዓመቱ ሃዊ ኬንድሪክ የዊል ሃሪስን ውርወራ በቀኝ በኩል ካለው የመስመር ምሰሶ ጋር አላተማት፤ መሪነቱም ተቀየረ። ያን ምሽት ያየ ሰው እነዚህን ሰዎች አትልቀቁ ቢል አይፈረድበትም።

አመራሩም የሰማው ይህንኑ ድምፅ ነው። የፍጻሜው ኮከብ የነበረውን፣ ተደጋጋሚ ጉዳት ያየውን ወርዋሪ ስቲቨን ስትራስበርግን በሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር አስቀረ፤ ኬንድሪክን፣ አስድሩባል ካብሬራንና ሌሎች አንጋፋዎችን መልሶ አስፈረመ፤ ኬንድሪክ ያን ኳስ የመታበትን ሃሪስን ሳይቀር ቀጠረ። ስብስቡ በዚያን ጊዜ በዕድሜ ከሊጉ ሁሉ የገፋው ነበር። በአንጻሩ ሬንዶን በተመሳሳይ ክፍያ ወደ ሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ሲሄድ ሦስተኛው ቤዝ ልምድ ለሌለው ወጣት ተተወ። ሬንዶን በአዲሱ ቡድኑ በጉዳት ተሰቃይቶ በአንድም ዓመት ከ58 ጨዋታ በላይ ስላልተጫወተ፣ ጥፋቱ እርሱን መልቀቁ ነበር ማለት አያስኬድም። ጥፋቱ ድሉን ያመጡትን ሰዎች መሸለምን ቀጣዩን ቡድን ከመገንባት ጋር ማምታታት ነበር፤ ምስጋና በድል ሰልፍና በሻምፒዮንነት ቀለበት ይገለጻል እንጂ በሰባት ዓመት ውል አይገለጽም። ስትራስበርግ በዚያ ውል የወረወረው በስምንት ጨዋታ ብቻ ነው፤ ኬንድሪክ በወረርሽኙ ምክንያት ወደ 60 ጨዋታ ባጠረው የ2020 ውድድር 25 ጊዜ ተሰልፎ ጨዋታ አቆመ። ከ2020 እስከ 2025 ባሉት ስድስት ዓመታት ዋሽንግተን ናሽናልስ ካሸነፈው ይልቅ የተሸነፈው ያልበዛበት አንድም የውድድር ዘመን የለም፤ በ2022 ብቻ 107 ጊዜ ተሸንፏል።