በፊልሙ ውስጥም ንቅሳት የባለቤት ማኅተም ነው



ስለ ንቅሳት በተነሳ ቁጥር ከወጣቶቻችን የምንሰማት አንዲት መልስ አለች፦ «ጥበብ ነው፤ ገላዬ ደግሞ የራሴ ነው»። ከየት አመጣችሁት ስንል ብዙ ጊዜ ምንጩ ፊልም ነው፤ በተለይ የወደፊቱን ዓለም የሚያሳየው የሳይንስ ልብወለድ። ጀግናው አንገቱ ላይ አንድ ምልክት አለው፤ ልጁ ምልክቷን በስልኩ ይዞ ነቃሽ ቤት ይገባል።

እሺ፣ በፊልሙ እንነጋገር።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን «ማድ ማክስ፦ ፉሪ ሮድ» አይታችኋል። ማክስ ገና ከመጀመሪያው ይማረካል። ማራኪዎቹ አስረው ጀርባው ላይ የደሙን ዓይነት ይነቅሱበታል። ለምን? ለታመመ ተዋጊ ደሙን ሊቀዱለት። ሰውዬው እንደ ጀሪካን ነው የተጻፈበት! ማርጋሬት አትዉድ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው «ዘ ሃንድሜይድስ ቴል» ደግሞ፣ ለሹማምንት ልጅ እንድትወልድ የተመደበችው ሴት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቁጥርና ዓይን ተነቅሶባታል፤ ጠፍታ እንዳትቀር። ይህ ከታሪክ የራቀ ፈጠራ አይደለም። ናዚዎች በአውሽዊትዝ የእስረኞችን ክንድ በቁጥር ነቅሰዋል።

ሁሉም እንዲህ አይደለም፣ ሐቁን እንናገር። በ«ስታር ትሬክ ቮዬጀር» የቻኮቴ የግንባር ንቅሳት የአባቱ መታሰቢያ ነው። በሁለተኛው «አቫታር» ያሉት የባሕር ሰዎች ንቅሳት የማኦሪዎችን ሞኮ ያስታውሳል፤ ሞኮ ደግሞ ለማኦሪ የዘር ሐረጉ ነው። እዚያም ቢሆን ምልክቱ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ጎሳ ነኝ» ይላል። ካነሳናቸው ውስጥ «የራሴ ነኝ» የሚል አንድም የለም። የሌላውን ሕዝብ የዘር ሐረግ ክንድህ ላይ ያስነቀስክ ወንድማችን፣ አንተ የማን ልጅ ነህ ልንል ነው?

እኛ ባለቤታችን ይታወቃል። ሸይጧን የአላህን ፍጥረት እንዲለውጡ ሰዎችን አዛለሁ ብሎ መዛቱን ሱረቱ ኒሳእ 119 ላይ እናነባለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነቃሿንም ተነቃሿንም መርገማቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ ዑለማዎች ብይኑ ወንዱንም ይመለከታል ብለዋል። «የእናቶቻችን የድድና የአንገት ንቅሳትስ?» ለሚሉን፦ እናቶቻችን ልማድ ሆኖባቸው፣ ብዙዎቹም በልጅነታቸው ሳይጠየቁ ተነቀሱ። አላህ ይዘንላቸው። አንተ ግን ሐዲሱን ሰምተህ፣ ገንዘብ ከፍለህ ነው።

ቁጣችን ግን ወደ ልጆቹ ብቻ አይደለም። በሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሶ የመጨረሻው ሶፍ ላይ የሚቆም አንድ ወንድም ነበር። ዉዱእ ሲያደርግ ክንዱን ያዩ አንድ አባት በሰው ፊት «ያንተ ዉዱእ አይያዝም፣ አትድከም» አሉት። ከየት አመጡት? ቀለሙ ያለው ከቆዳው ስር ነው፤ ውሃው ቆዳውን ያገኘዋል፤ ዉዱኡም ሶላቱም ትክክል ነው። የሚጠበቅበት ተውበት ነው። ማስለቀቁ ጉዳት የሚያመጣበት ከሆነ ደግሞ ተውበቱ ይበቃዋል ብለዋል ዑለማዎች። ይህን ሳያውቁ ከአላህ ቤት ሰው ማባረር፣ ከቀለሙ የሚያንስ ጥፋት ነው እንዴ?

ያ ወንድም ከዚያ ቀን ወዲህ አልታየም። እንደ እርሱ ያለ የምታውቁ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉለት፤ ለመግሪብ አብራችሁት ኑ።