ከመጋረጃ በስተኋላ የሚያገለግሉ ልጆቻችን

በየትምህርት ቤቱ በዓመቱ መዝጊያ ቀን ቴአትር ማሳየት የተለመደ ነው። በዚያን ቀን የንጉሥ ካባ የለበሰው ልጅ አባት ደረቱን ነፍቶ ሲቀመጥ፣ ከመጋረጃ በስተኋላ የመብራቱን ማብሪያ የያዘው ልጅ አባት ግን «የእኔ ልጅ ስለምን አልታየም?» እያለ አንገቱን ይደፋል። ይህን ጥያቄ በተክለ ሃይማኖት ሰፈር ካሉ ወላጆች ደጋግመን ስለ ሰማን፣ በዚህ ወር በመብራትና በድምፅ ሥራ ስለሚያገለግሉ ተማሪዎች ጥቂት ለማለት ወደድን።

አስቀድሞ «ቴአትር የዓለም ጨዋታ ነውና ለክርስቲያን ልጅ ምን ይረባዋል?» ለሚሉት ታሪክን እናስታውሳቸዋለን። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት የአውሬዎች ኮሜዲያ በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ከታየ በኋላ፣ በውስጡ ባለው ምጸት ምክንያት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከዚያ ወዲያ ቴአትርን ተንከባክበው ካሳደጉት መካከል ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። ከጎጃም የቅኔ ትምህርት ቤት የወጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በአዲስ አበባ መምህር ሆነው ተማሪዎች የሚጫወቱትን ቴአትር ደርሰዋል። ከተክለ ሃይማኖት በእግር የሚደረስበት የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም፣ በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ሲከፈት መጀመሪያ ያሳየው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸውን «ዳዊትና ኦርዮን» ነው፤ ታሪኩም ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው። እንግዲህ ሙያው የቤተ ክርስቲያን ልጆችም እጅ ያለበት ስለ ሆነ፣ መጠየቅ የሚገባን ልጆቻችን ከእርሱ ምን እንደሚማሩ ነው።

በሌሊት ማኅሌት ሊቃውንቱ ሲያዜሙ የምእመናን ዐይን የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው፤ ጧፍ የያዘውን ትንሽ ልጅ ስሙን የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን ጧፉ ቢጠፋ መጽሐፉ አይነበብም። ነቢዩ ሳሙኤልም ገና ብላቴና ሳለ የእግዚአብሔርን ጥሪ የሰማው፣ የመቅደሱ መብራት ሳይጠፋ በዚያው ተኝቶ እያለ ነበር። የመቅደሱ መብራት መሥዋዕት ነው፣ የመድረኩ መብራት ግን የእጅ ሙያ ነው፤ ሁለቱን አንድ አናደርጋቸውም። ሳይታዩ ተግቶ መቆም ግን በሁለቱም ዘንድ ያው ነው።

ሙያው ደግሞ ማስተዋልን ይጠይቃል። ብርሃን ከፊት ለፊት በቀጥታ ሲመጣ የሰውን ፊት ጠፍጣፋ ያስመስለዋል፤ ከአናት ብቻ ሲወርድ ዐይንን በጥላ ይጋርዳል። ስለዚህ ሁለት መብራቶች ከፊት ከፍ ብለው ከግራና ከቀኝ በሰያፍ ይሰቀላሉ። አንድ ተማሪ ጽሑፉን ይዞ አስቀድሞ «ተዘጋጅ»፣ ጊዜው ሲደርስ «አብራ» ይላል፤ ሌላው እጁን በማብሪያው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ከቃሉ በፊት ቢያበራ ወይም ቢዘገይ የጓደኞቹ የብዙ ሳምንት ድካም ይበላሻል። ዲያቆን ሕዝቡን ለጸሎት የሚያስነሣበትን ቦታ ጠብቆ እንደሚናገር፣ ይህም ልጅ ጊዜን መጠበቅ ይማራል።

ወላጆች አጥብቀው ሊጠይቁት የሚገባው ነገር ግን የኤሌክትሪክ አደጋ ነው። በአገራችን የሚሠራበት ኃይል 220 ቮልት ነው። አንድ ባለ 1000 ዋት አምፖል 4.5 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሦስቱ በአንድ ላይ 13.6 አምፔር ይሆናሉ። መስመሩ የተሠራው ለ10 አምፔር ከሆነ ሁለቱን እንጂ ሦስቱን አይችልም። ፊውዝ ሲቃጠል በቦታው ወፍራም ሽቦ ማሰር ዘበኛውን አስሮ በሩን ለሌባ እንደ መክፈት ነው፤ ገመዱ ግሎ መጋረጃውን ያነድዳልና። ዛሬ ኤል.ኢ.ዲ. የሚባሉት መብራቶች የሚስቡት ኃይል እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ አቅም ያለው ትምህርት ቤት ወደ እነርሱ ቢዞር መልካም ነው። የሆነ ሆኖ ኃይሉ ሳይቋረጥ መብራት የሚነካ፣ በእርጥብ ወለል ላይ ገመድ የሚዘረጋ ተማሪ ሊኖር አይገባም፤ ሙያውን የሚያውቅ አዋቂም ከአጠገባቸው መለየት የለበትም።

ስለ ድምፅም እንናገር። ማይክሮፎን በድምፅ ማጉያው ፊት ሲቆም፣ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ይገባል፤ እንደ ገና ጎልቶ ይወጣል፤ እንዲህ እየዞረ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይሆናል። መድኃኒቱ ማጉያውን ከማይክሮፎኑ ወደ ፊት አውጥቶ ወደ ሕዝቡ ማዞርና ድምፁን መቀነስ ነው። ተማሪዎች ሲጀምሩ ቃሉ ያልተሰማ በመሰላቸው ቁጥር ድምፁን ይጨምራሉ። ብዙ ጊዜ የጎደለው ግን የድምፁ ኃይል ሳይሆን ጥራቱ ነው።

ይህ ትምህርት ለሰፈራችንም ይጠቅማል። በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ክብረ በዓል ሞንታርቦ ሲዘረጋ፣ በትምህርት ቤት የሠለጠነ ወጣት ቢገኝ ስብከቱ በግቢው ላሉት ምእመናን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በአጥር ማዶ ያለው በሽተኛ፣ ሕፃን ያስተኛች እናትና ለፈተና የሚያጠና ተማሪም አይታወኩም። ጎረቤትን ሳያስጨንቁ ቃለ እግዚአብሔርን ማሰማት ራሱ የፍቅር ሥራ ነውና።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ለመብራት ወይም ለድምፅ ሥራ ቢመረጥ አትዘኑበት። የልምምዱን ሰዓት ከመምህሩ ጋር ተስማሙ፤ የሰንበት ቅዳሴውን እንዳይሻማ፣ ሲመሽም ብቻውን እንዳይመለስ አድርጉ። ቴአትሩ ሲያልቅ ተዋንያኑን ካመሰገናችሁ በኋላ ወደ መጋረጃው ጀርባ እለፉና፣ ገመድ ሲጠቀልሉ የምታገኟቸውን ልጆች በየስማቸው ጠርታችሁ አመስግኗቸው። እግዚአብሔር አምላክ ልጆቻችንን በጥበብና በትሕትና ያሳድግልን።