የሆሳዕናው ሕዝብ እኛ ነበርን



በ2010 ዓ.ም. ሆሳዕና የዋለው መጋቢት 23 ቀን ነበር። እኛም ጎሮ ላይ እንደ ወትሯችን ጌታ በአህያ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም ስለ መግባቱ ሰበክን፤ ልጆቻችንም ዘመሩ። በማግሥቱ፣ ሰኞ መጋቢት 24 ቀን፣ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቃለ መሐላ ፈጽመው የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ስቅለት በዚያው ሳምንት ዐርብ ዋለ፤ ትንሣኤም እሑድ መጋቢት 30 ቀን ተከበረ። እንግዲህ አዲሱ መሪያችን የመጡት በሕማማት ሳምንት ነው። ያን ጊዜ ይህን ልብ ያልነው ጥቂቶች ነበርን። ዛሬ ግን በዚያ ሳምንት በመድረካችንና በልባችን የሆነውን ነገር ቁጭ ብለን ልንነጋገርበት እንወዳለን።

«ለምን አሁን?» የሚል ይኖራል። በቅርቡ አንድ ወጣት ወንድማችን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በኋላ ቀረብ ብሎ፣ «ፓስተር፣ ያኔ መድረክ ላይ የተባለው ሁሉ ምን ሆነ?» ሲል ጠየቀን። ቶሎ የምንመልሰው አላገኘንም። መሪ በተለወጠ ቁጥር ያው ስሜት ተመልሶ ይመጣልና ጥያቄው መልስ ይገባዋል።

አስቀድመን እውነቱን እንናገር፤ የሕዝቡ ደስታ ሐሰት አልነበረም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ ተቃውሞው፣ እስሩና ግድያው አላባራም ነበር። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ያለቀውን ሕዝብ ማን ይረሳዋል? የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ ማስገባታቸውን ሲናገሩ፣ ወዲያውም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ነገ ምን ይመጣ ይሆን ብለን ሁላችንም ሰጋን። ልጇ አምሽቶባት እንቅልፍ የሚወስዳት እናት አልነበረችም።

እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ መሪ ምክር ቤት ቆመው ስለ ጠፋው ሕይወት ይቅርታ ሲጠይቁ፣ እናታቸውንና ባለቤታቸውን ሲያመሰግኑ፣ ለኤርትራ የሰላም ጥሪ ሲያቀርቡ ሰማን። «ይቅርታ» የሚለው ቃል ከባለሥልጣን አፍ ሲወጣ ብዙ አልለመድነውም። ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም አብሮ እንባውን ጠረገ። ገና ሳምንት ሳይሞላቸው ጅግጅጋ ሄዱ፤ ሚያዝያ 3 ቀን አምቦ፣ ሚያዝያ 5 ቀን መቀሌ ተገኙ። የበልግ ዘር የሚዘራው ገበሬያችን ሳይቀር ሬዲዮኑን ማሳው ዳር ይዞ ይከታተል ነበር። እንዲህ ያለውን ደስታ ኃጢአት የሚለው ማን ነው? ከሚያዝኑ ጋር ያዘነች ቤተ ክርስቲያን ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ሊላት ይገባል።

ችግሩ የጀመረው ከምስጋና አልፈን ስንሄድ ነው።

የትንሣኤ ዕለት ስብከታችንን በተነሣው ጌታ ጀመርንና በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጨረስን። ከአገልጋዮቻችን አንዱ ሙሴ አላቸው፤ ሌላው የለም ኢያሱ ናቸው አለ። ሕልም ያየ ሕልሙን ተናገረ፤ ትንቢት አለኝ ያለም መድረኩን አገኘ። «የእኛ ልጅ ነው» ተባባልን። አባታቸው ሙስሊም፣ እናታቸው ኦርቶዶክስ መሆናቸውን፣ እርሳቸውም የወንጌል አማኝ መሆናቸውን አገር ያወቀው ነው። ለብዙው ሰው ይህ ታሪክ የአንድነት ምልክት ሆኖለት ነበር። እኛ ግን ከሦስቱ የመጨረሻውን ብቻ መዝዘን ያዝን። መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. አቶ ኃይለማርያም ሲሾሙም ይህንኑ ብለን እንደ ነበር፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ስንት እንባ ተራጭተን እንደ ነበር ረሳነው።

በዚያ ሰሞን በገበያ ቀን፣ ለዓመታት በደስታም በሐዘንም አብረውን የኖሩ አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን አገኙንና፣ «ፓስተር፣ እንግዲህ ነገሣችኋ!» አሉን እየሳቁ። እኛም ሳቅን፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን አለፍን። ቆም ብለን፣ «አይ ጋሼ፣ እኛ አልነገሥንም፤ እኚህ ሰው የእርስዎም መሪ ናቸው፤ ለሁላችንም ይጸለይላቸው» ልንላቸው ይገባን ነበር። አላልንም፤ ቃሉ ጣፍጦናልና። በጎሮ እኛ ጥቂቶች ነን። ለዘመናት አናሳ ሆኖ የኖረ ሰው «ነገሥህ» ሲባል ልቡ ሞቅ ይለዋል። ያ ሳቅ ግን እስከ ዛሬ ይከብደናል።

ወገኖች፣ የሆሳዕናን ታሪክ እንደገና እንመልከት። ማንንም ሰው ከጌታ ጋር ማወዳደራችን አይደለም፤ የምናወዳድረው ራሳችንን ከሕዝቡ ጋር ነው። በሉቃስ 19 ሕዝቡ እልል ሲል ጌታ ከተማይቱን አይቶ አለቀሰላት። ለሰላሟ የሚሆነውን አላወቀችምና። በዮሐንስ 6፥15 ደግሞ ሰዎች ሊያነግሡት ሲመጡ ብቻውን ወደ ተራራ ሄደ። እርሱ የሚንቀው እልልታውን አልነበረም፤ ከእልልታው በታች ያለውን የልብ ስሌት ግን ያውቅ ነበር። የሆሳዕናው ሕዝብና ዐርብ ዕለት «ስቀለው» ያለው ሕዝብ አንድ መሆኑን ወንጌሉ በግልጽ አይነግረንም። በእኛ ዘንድ ግን አንድ ሰው ሁለቱንም ሲል በዓይናችን አይተናል። በ2010 ዓ.ም. የመሪውን ፎቶ በስልኩ ላይ ያደረገ ወንድም፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ስማቸው በጸሎት ሲጠራ አሜን ማለት አቅቶት ወጥቶ ሲሄድ አይተናል።

ይህ በእኛ አልተጀመረም። በ1966 ዓ.ም. ደም ሳይፈስ ለውጥ ይመጣል ተብሎ አደባባዩ በመፈክር ሲናወጥ እንደ ነበር አባቶቻችን ያጫውቱን ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሹማምንት ያለ ፍርድ ተገደሉ። በየካቲት ወር የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የባሌ ጭሰኛ በእውነት ደስ አለው፤ ደስ ሊለውም ይገባ ነበር። ያው መንግሥት ግን በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳን ወስዶ ገደለ፤ የብዙ አብያተ ክርስቲያናትንም በር አሸገ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ እኛ ወጣቶች ነበርን፤ በሮቹ ሲከፈቱ እንደ ሕልም ነበር። ያንንም ዘመን ምን ተስፋ እንዳደረግንበት፣ በምን እንደ ተፈጸመ እናውቃለን።

ከአገራችን ውጭም ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ዛምቢያ ውስጥ ፍሬድሪክ ቺሉባ ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ ሁለት ወር ሳይሞላቸውም አገራቸውን ክርስቲያናዊት ብለው አወጁ። የወንጌል አማኞች ደስታ ወሰን አልነበረውም። ከአሥር ዓመት በኋላ እኚሁ ፕሬዝዳንት ሕገ መንግሥቱ የማይፈቅደውን ሦስተኛ ዘመን ለመወዳደር ደጋፊዎቻቸው ሲንቀሳቀሱ፣ የወንጌል አማኞች ኅብረት ከካቶሊኮችና ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር ቆሞ «አይሆንም» አለ፤ ነገሩም ቀረ። ያች ቤተ ክርስቲያን ዘግይታም ቢሆን ድምፅዋን አገኘች። «የእኛ ሰው» ያሉትን ሰው መገሠጽ ግን ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር መገመት አያቅተንም።

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብን? ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥1-4 ስለ ነገሥታትና ስለ ሹማምንት አራት ነገሮችን ይዘረዝራል፤ ልመና፣ ጸሎት፣ ምልጃና ምስጋና። ይህን ሲጽፍ ሮምን የሚገዛት ንጉሥ የወንጌል አማኝ አልነበረም። እኛ በዚያ ሰሞን ከአራቱ አንዱን፣ ምስጋናን ብቻ አደረግን። እግዚአብሔር መልሶልናልና ከእንግዲህ ምን እንለምናለን ያልን ይመስል ሦስቱን ተውን። የአዳር ጸሎታችን ቀነሰ። በዚያው ክረምት ከእኛ ብዙ በማይርቀው በጎባ ከተማ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሐጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ባሌም አነባች። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተጀመረ፤ ሁለት ዓመትም ቆየ። በዚህ ሁሉ መካከል ከእኛ ገሚሱ መሪው የሚያደርጉትን ሁሉ ትክክል ነው ሲል ተገኘ፤ ገሚሱ በንዴት አራተኛውንም፣ ምስጋናውን ጨምሮ ተወው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው መተያየት አቃታቸው። ሥራቸው ግን አንድ ነበር፤ ሁለቱም መሪውን የተስፋቸው መልሕቅ አድርገው ነበርና። ለአንደኛው መልሕቁ እንዳይነካበት ይፈራል፤ ሁለተኛው ስለ ተነቀለበት ይቆጣል።

በጸሎት ቤታችን አንዲት አረጋዊት እናት አሉን። በደርግ ዘመን በየቤቱ ተደብቀው ሲጸልዩ ለኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ይማልዱ እንደ ነበር ያውቋቸው የነበሩ ይመሰክራሉ። ከዚያም ለተከተሉት ሁሉ በስማቸው ጸልየዋል። በ2010 ዓ.ም. በትንሣኤ ሰሞን ጉባኤው ሲያጨበጭብ እርሳቸው ጥግ ላይ ተንበርክከው ሲያለቅሱ አገኘናቸው። «እማማ፣ በደስታ ቀን ምን ሆኑ?» አልናቸው። «ልጄ፣ ሸክሙ ከባድ ነው። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብለት ማን ይጸልይለት?» አሉን። የሥነ መለኮት ኮሌጅ ገብተን የተማርነው እኛ ያላየነውን እርሳቸው አይተውት ነበር። እኚህ እናት ዛሬም በዐርብ ጸሎት የመሪውን ስም ይጠራሉ፤ ድምፃቸው በ2010 እንደ ነበረው ነው፣ አልጨመረም አልቀነሰም።

ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ መድረኩን እንጠብቅ። መድረክ የተሰቀለውና የተነሣው ጌታ የሚሰበክበት ነው። አዲስ መሪ ሲመጣ እንጸልይለት እንጂ አንስበከው። በሐዋርያት ሥራ 12 ሕዝቡ ሄሮድስን የአምላክ ድምፅ ነው ብሎ ሲያሞግሰው ሄሮድስ ክብሩን ለእግዚአብሔር ባለመስጠቱ ተቀሠፈ። በከንቱ ውዳሴ መሪን የሚጎዳው ጠላቱ ብቻ አይደለም፤ ወዳጁም ነው።

ሁለተኛ፣ «የእኛ» ማለትን እንተው። በኢያሱ 5 ኢያሱ በኢያሪኮ አጠገብ ሰይፍ የመዘዘውን ሰው ከእኛ ወገን ነህ ወይስ ከጠላቶቻችን ሲል በጠየቀው ጊዜ መልሱ ከሁለቱም አለመሆን ነበር። ጌታ የማንም ወገን ካልሆነ፣ ሥልጣንን የቤተ እምነታችን ንብረት ማድረግ ከየት መጣ? በ2012 ዓ.ም. የወንጌል አማኞች ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ሲያገኝ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም በዚያው ወቅት አግኝቷል። ፍትሕ እንዲህ ነው፤ ለጎረቤት ሲደርስ ደስ ካላለን የተደሰትነው በፍትሕ ሳይሆን በራሳችን ነው።

ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ የጸሎት ፕሮግራማችን አራቱንም እናድርግ። መሪዎቻችን ስለሠሩት መልካም እናመስግን፤ ስለ ስሕተታቸው እንማልድ፤ በውሳኔያቸው ለተጎዱት እንለምን፤ ናታን ለዳዊት እንደ ተናገረ እውነትን የሚነግራቸው ሰው አያጡ ዘንድ እንጸልይ። ይህ ዝርዝር መሪው በመጣበት ሳምንትም፣ በሚሄድበት ሳምንትም አይለወጥ።

ይህን ጽሑፍ ለምታነቡ፣ ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ላላችሁ ወዳጆቻችንም አንድ ቃል አለን። ጳውሎስ ስለ ሹማምንት ጸልዩ ባለበት ቦታ ምክንያቱንም ይነግረናል፤ እግዚአብሔር ሰዎች ሁሉ ሊድኑ ይወዳል። እኛ ግን በጭብጨባችን፣ ወንጌል የአንድ ወገን አሸናፊነት መስሎ እንዲታያችሁ አድርገን ከሆነ ይቅር በሉን። የምንሰብከው ንጉሥ ሕዝቡ ሲያነግሠው የሸሸ፣ እልል ሲሉለት ያለቀሰ፣ ሲሰቅሉትም የማለደ ነው።

እኒያን ጎረቤታችንን በቅርቡ አግኝተናቸው ነበር። ያኔ በገበያ ያሉንን አስታወስናቸውና ሳንመልስላቸው የቀረውን መለስንላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው አብረን እንለምን» አሉን። በዚህ ዐርብ የጸሎት ጊዜያችን ይህንን ይዘን እንገባለን። እናንተም ባላችሁበት ያዙት።

ጌታ ይባርካችሁ።