ስትሮክ የማዳም ፈቃድ አይጠብቅም

አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማና ስለ ፓስፖርት ነው። ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ላንሳ፤ እሱም ቢሆን ከምንኖርበት ሕግ የራቀ አይደለም።

ሰፈራችን የምትሠራ አንዲት ልጅ ጠዋት ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። አፏ ወደ አንድ ጎን ዞረ፣ አንደበቷ ተሳሰረ። ማዳሟ «ደክሟት ነው፣ ትተኛ» አለች። እኛም በስልክ ስንሰማ «ምች ነው» አልን። ሐኪም ቤት የደረሰችው ማታ፣ ባባ ከሥራ ሲመለስ ነው። ዛሬ አገሯ ገብታለች፤ ቀኝ እጇ ግን እስካሁን አይታዘዛትም።

ምች አልነበረም፣ ስትሮክ ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ነው። አብዛኛው የመዘጋት ነው። ለእሱ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ግን በአብዛኛው የሚሰጠው ከጀመረበት ደቂቃ አንስቶ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊትም አንጎል በሲቲ ስካን መታየት አለበት። እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት።

እኛ ጋ ሰዓቱ የሚያልቀው የት ነው? በር ላይ ነው። ቁልፉ በማዳም እጅ፣ መታወቂያው በአሠሪ መሳቢያ። ቀጥሎ «ማን ይከፍላል?» ይመጣል። ሳዑዲ ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ ለቤት ሠራተኞች የጤና መድን ግዴታ ብታደርግም፣ ግዴታው ብዙ ሠራተኛ ለሚያሠሩ ቤቶች እንጂ አንድ ሠራተኛ ብቻ ላለው ቤት አይደለም። አብዛኞቻችን ደግሞ ብቻችንን ነን። የኤምሬትስ የ2022 ሕግ በዓመት 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ 15ቱ በሙሉ ደመወዝ። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ከነጭራሹ ከሠራተኛ ሕጉ ውጭ ናት። ሕጉ ባለበትም ቢሆን የሚቆጥረው ቀን ነው፣ አንጎል የሚቆጥረው ደቂቃ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የእነሱ ነው ግን አልልም። እኛም «ወደ አገር ይመልሱኛል» ብለን ግፊታችንን እንደብቃለን። ከአገር ያመጣነው ኪኒን ሲያልቅ ዝም እንላለን። ግፊት ለስትሮክ ዋናው መንገድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አያምም። ወጣትነትም አያድንም። አሮጊት የምትጦሩ ከሆነ ቤቱ ውስጥ የግፊት መለኪያ አይጠፋም፤ አስፈቅዳችሁ ተለኩ። በተለያዩ ቀናት 140/90 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ሐኪም ይይችሁ። ጨውና የሾርባ ማጣፈጫ ቀንሱ። ኪኒን በራሳችሁ አታቋርጡ። ግፊት ያለባት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ከመውሰዷ በፊት ሐኪም ትጠይቅ።

ምልክቱ ድንገት ነው የሚመጣው። ፈገግ በይ በሏት፤ ፊቷ በአንድ በኩል ይወርዳል? ሁለት እጇን ታንሳ፤ አንዱ ይወድቃል? ስሟን ትናገር፤ ይኮላተፋል? አንዱ ብቻ ቢታይም በቂ ነው። ድንገት ዓይን ማጣት፣ መንገዳገድ፣ ታይቶ የማይታወቅ ራስ ምታትም አለ። በደቂቃዎች ቢተዋትም ሐኪም ቤት ትሂድ፣ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

አምቡላንስ፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባህሬን 999፣ ሊባኖስ 140፣ ዮርዳኖስ 911። ለማዳም «ተዕባና» ብትሉ ፓናዶል ይሰጣችኋል። «ጀልጣ! ኢስዓፍ!» በሉ። ጀልጣ ሁሉም የሚፈራው ቃል ነው።

እስኪመጣ ውኃም፣ ምግብም፣ አስፕሪንም አትስጡ። ደም ሥሯ ፈንድቶ ከሆነ አስፕሪን ይብስባታል። ራሷን ከሳተች በጎን አስተኟት። ጸሎቱም ዱዓውም በመንገድ ላይ ይደረጋል። መቼ እንደጀመራት ጻፉ፣ ለሐኪሙም በእነሱ አቆጣጠር ንገሩ፤ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት የእነሱ 8 ነው። ወረቀት የላትም ብላችሁ አትዘግዩ፤ ስለ ወረቀቱ በሕይወት ስትኖር እንነጋገራለን።

አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጉልኝ። ብቻችንን የምንተኛ ነን፤ ሌሊት ቢያመን ማንም አያውቅም። ከአንዲት ጓደኛችሁ ጋር ተስማሙና ጠዋት ጠዋት በዋትሳፕ ወይም በኢሞ «ነቃሁ» ተባባሉ። መልስ ካልመጣ ትደውል፣ ድምጿ ከተሳሰረም ታውቃለች። ሕጉ እስኪደርስልን እርስ በርስ እንድረስ።